የሮዳሚን ሴንሰራችሁ ሜታል ሳይነካው ሮዝ እየሆነ ካስቸገራችሁ (ችግርና መፍትሄ)

ሮዳሚን (ሜታል የሚለይ ሴንሰር የሚሰራበት ማቅለሚያ) ላይ የሚሰሩ ልጆች ሁሌ አንድ አይነት ነገር ስለሚጠይቁኝ ጠቅልዬ ልጻፈው። ፕሮቡ (ሜታሉን የሚለየው የሮዳሚን ሞለኪውል) ውስጡ ያለው የአተሞች ቀለበት ተዘግቶ ሲቀመጥ ቀለምም የለውም አያበራምም፣ ሜርኩሪ ወይ ኮፐር ሲያገኝ ቀለበቱ ይከፈትና ሮዝ ይሆናል፣ ሜርኩሪ ከሆነ ደግሞ ዩቪ ላምፕ ስር ብርቱካናማ ያበራል። ጣጣው ግን ቀለበቱን የሚከፍተው ሜታል ብቻ አይደለም።

ብላንኩ (ሜታል ያልገባበት ናሙና) ራሱ ሮዝ ሆነ?

መጀመሪያ አሲድ ጠርጥሩ፣ አሲድም ይከፍተዋላ። ለአቶሚክ አብዞርፕሽን (ሜታል መለኪያ ዘዴ) የሚገዛው የ1000 ሚሊግራም በሊትር ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ የሜታል ፈሳሽ) አብዛኛውን ጊዜ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ እሱን ያለ ባፈር (ፒኤችን፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ፣ የሚያረጋጋ ፈሳሽ) ቀጥታ ጠብ ካደረጋችሁ ሜርኩሪ አገኘሁ ያላችሁት አሲዱን ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ግራፍ ስሰራ ከርሜ አንድ ቀን ሜታል የሌለበት ናይትሪክ አሲድ ብጨምር ያው ሮዝ መጣ፣ በቃ ሁሉንም ጣልኩት። መፍትሄው ሄፕስ ባፈር ፒኤች 7.2 አካባቢ ተጠቀሙ፣ ሜታሉን ከጨመራችሁ በኋላም ፒኤቹን እንደገና ለኩ፣ ያንኑ ያህል አሲድ ያለ ሜታል የገባበት አንድ ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) ደግሞ ሁሌ ጎን ለጎን ይኑር።

ፒኤቹ ልክ ሆኖም ከቀላ ሪአክት ያላደረገ ሮዳሚን ቢ (ፕሮቡ የተሰራበት መነሻ ቀለም) ቀርቶበታል ማለት ነው፣ ቲኤልሲ (ኬሚካሎችን ሲሊካ በተቀባ ፕሌት ላይ መለያ ዘዴ) አውጡና ሪክሪስታላይዝ አድርጉት (አሟሙታችሁ እንደገና ክሪስታል በማድረግ አጥሩት)። ሲሊካው ራሱ ትንሽ አሲድ ስለሆነ ፕሌቱን ወዲያው እዩት፣ ቆይቶ ቢቀላ አትደንግጡ።

ሜርኩሪ ጨምሬ ዝም አለ

ባፈሩ ፒቢኤስ (ጨው ያለበት የፎስፌት ባፈር) ነው እንዴ? ውስጡ ክሎራይድ አለ፣ ሜርኩሪን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ፎስፌቱ ደግሞ ሊድን (እርሳስን) አፈር አድርጎ ያዘቅጠዋል። ወደ ሄፕስ ቀይሩ። ኩቬቱ ደመናማ ከሆነ ግን ፕሮቡ ውሃው ውስጥ አልሟሟም፣ ስቶኩን (ወፍራሙን የፕሮብ ፈሳሽ) በአሴቶናይትራይል ስሩና የአሴቶናይትራይሉ ፐርሰንት ሁሉም ኩቬት ላይ እኩል ይሁን።

ሮዝ ሆኗል ግን አያበራም

ኮፐር ከሆነ ብዙም አትልፉ፣ ራሱ ነው ብርሃኑን የሚያጠፋው፣ በቀለሙ ለኩ (560 ናኖሜትር አካባቢ)። ሜርኩሪ ሆኖ ካላበራ ምናልባት አብዝታችሁታል፣ አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ ልኩ) ከ0.1 በታች እስኪወርድ አቅጥኑት።

ኤክሳይቴሽኑን (ፕሮቡ ላይ የማበራውን የብርሃን ሞገድ) ስቀይር ፒኩም አብሮ ይሄዳል ካላችሁ እሱ ስካተር (የተበተነ የላምፑ ብርሃን) ነው፣ የሮዳሚኑ 580 ናኖሜትር አካባቢ ቦታውን አይለቅም። 520 ላይ ኤክሳይት ካደረጋችሁ ሁለቱ ይራራቃሉ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ቲሲስ ላይ ሁሉም "በአይን የሚታይ ሴንሰር" ብሎ ይጽፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የኢንኦርጋኒክ ሜርኩሪ ገደብ 6 ማይክሮግራም በሊትር ነው፣ ወደ 0.03 ማይክሮሞላር ማለት እኮ ነው። እናንተ 10 ማይክሮሞላር ፕሮብ ውስጥ ሮዝ ያያችሁት ስንት ጨምራችሁ ነው? በገደቡ መጠን አይን ምንም አያይም፣ ወረፋው ቢረዝምም ፍሎሮሜትሩ (ፕሮቡ የሚያበራውን ብርሃን የሚለካው ማሽን) ጋ ተሰለፉ።