ለመዝናናት መጽሐፍ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልብ ወለድ ገዝቶ ሠላሳ ገጽ ሳይሞላ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ከዚያም «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ትዕግሥት አይደለም፤ ከመግዛቱ በፊት ውስጡን አላየውም።

በጀርባ ሽፋን ጽሑፍ መወሰን። እዚያ የሚወጣው ወይ የወዳጆች ምስጋና ነው፣ ወይ ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚሰቅለው አንቀጽ። መደርደሪያው ፊት እንደቆሙ የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡ፤ ቀጥለው መሐል አካባቢ እንደመጣልዎ ይክፈቱና ሁለት ገጽ ይጨምሩ። አጀማመሩን ደራሲ ሁሉ ደጋግሞ ያሻሽለዋል፤ አቅሙ የሚታወቀው መሐል ላይ ነው። እዚያ ምልልስ ይፈልጉ። «አለ»፣ «አለች» የሚሉትን በጣትዎ ሸፍነው ተናጋሪውን ካነጋገሩ መለየት ከቻሉ ጥሩ ምልክት ነው። የመርካቶው ነጋዴ፣ የገጠሯ አሮጊትና ተማሪው ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ የሚናገሩ ከሆነ ግን ይመልሱት፤ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እንዲህ ያሉ ሰዎችን መስማት ያታክታል።

«ይሄንንማ ያላነበበ የለም» በተባለው መጀመር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ልብ ወለድ ነው። ታላቅነቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን ወደ ዋናው ፍቅር ከመግባቱ በፊት የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ወላጆች ሕይወት ረጋ ብሎ ስለሚተርክ፣ ለዓመታት መጽሐፍ ያልያዘ ሰው እዚያው ሊደክመው ይችላል። እሱን ካሉ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ትንሽ ሰምተው ወደ መጽሐፉ ይግቡ፤ ድምፁ የአረፍተ ነገሩን አካሄድ ያስለምድዎታል። ካልሆነ በአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ይጀምሩ፤ አንዱ ታሪክ ባይጥምዎት ቀጣዩ አለ።

ሻጩን «ጥሩ መጽሐፍ አለ?» ብሎ መጠየቅ። አዟሪው የያዘውን ያወጣልዎታል። ይልቅ በቅርቡ ወደው የጨረሱትንና ጀምረው የተዉትን ይንገሩት። የቆዩ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ከዚህ ተነስተው የሚሰጡት ጥቆማ ብዙ ጊዜ ይሰምራል።

ቅጂውን ሳያገላብጡ መክፈል። መጽሐፍ የሚጠረዘው ከታጠፉ ትላልቅ ወረቀቶች ነው፤ አንዱ እጥፋት ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይይዛል። ስለዚህ ጥረዛው ሲሳሳት የሚጎድለው ወይም የሚደገመው አንድ ገጽ ሳይሆን አንድ እጥፋት በሙሉ ነው። የገጽ ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው ፈጠን ብለው ይግለጡ። ያለ ፈቃድ ተባዝቶ የሚሸጥም አለ፤ ኅዳጉ ጠቧል፣ መስመሩ ያዘነብላል፣ ቀለሙ ፈዟል። በእኛ ፊደል ይህ ትልቅ ችግር ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት ትንሿ ጭረት ከቀኝ እግር መሐል ወይም ከታች በመሆኗ ብቻ ነው፤ እሷ ስትደበዝዝ ዓይን በየቃሉ ይቆማል፣ ንባቡም ሥራ ይሆናል። ደራሲውም ከእንዲህ ያለው ቅጂ ምንም አያገኝም። «ቅጽ 2» የሚል ካለበትም አንደኛውን ሳያገኙ አይግዙ።

የትርጉም ሥራን በደራሲው ዝና መግዛት። በአማርኛ የሚያነቡት ተርጓሚውን ነው። ስሙ ተጽፎ እንደሆነ፣ ትርጉሙም ሙሉ ይሁን ያጠረ መግቢያው ላይ ይፈልጉ። ከዚያ አንድ ምልልስ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ሰው በአማርኛ እንዲያ የማይናገር ከሆነ ይተዉት።

የሚያነቡበትን ሰዓት መርሳት። ለታክሲ ሰልፍ ምዕራፉ አጭር የሆነ ይሻላል፤ ብዙ ገጸ ባሕርያት ያሉበት ታሪክ ለእሑድ ይቆይ።

ስለከፈሉበት ብቻ መጨረስ። እስከ ሃምሳ ገጽ ይሞክሩ፤ ካልያዘዎት ለሌላ ሰው ይስጡት። ብሩ የሚያሳስብዎ ከሆነና አዲስ አበባ ካሉ፣ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ገብተው እነዚያን ሃምሳ ገጾች እዚያው ያንብቡ፤ ሳይጨርሱት መውጣት የከበደዎትን ይግዙ።