የውኃ ውስጥ አልትራሳውንድ መቅጃ በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ

በሰሜን ባሕር የሚኖረው ፖርፖይዝ፣ ዶልፊን የሚመስል ትንሽ አጥቢ እንስሳ፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚያድነው 130 ኪሎኸርዝ ገደማ (በሰከንድ 130,000 ንዝረት) የሆኑ አጫጭር ድምፆች እየላከ ማሚቶአቸውን በማዳመጥ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነውን ድምፅ፣ ማለትም አልትራሳውንድን፣ ስለማይሰማ፣ እንስሳው በአጠገባችን ቢያልፍም ድምፁን የምናውቀው በመሣሪያ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ የፒዞ ሴራሚክ ቱቦ ይምረጡ። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው ክብ የፒዞ ደወል ርካሽ ቢሆንም፣ ለዝቅተኛ ድምፅ የተሠራ በመሆኑ ከልምምድ አያልፍም።

ቀጥሎ ማጉያው ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቲኤል072 የተባለው ርካሽ የማጉያ ቺፕ የማጉላት አቅሙ ከፍሪኩዌንሲ (ከንዝረቱ ብዛት) ጋር ሲባዛ 3 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ደረጃ 100 እጥፍ እንዲያጎላ ከተደረገ ከ30 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል፤ የምንፈልገውም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 10 እጥፍ የሚያጎሉ ሁለት ደረጃዎችን አከታትሎ ማገናኘት ይሻላል። በመካከላቸው 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 15 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲገቡ፣ ከ10 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን የማዕበልና የጀልባ ሞተር ድምፅ ይቀንሳሉ። ለኃይል ሁለት ባለ9 ቮልት ባትሪዎች ይበቃሉ። ረጅም ሽቦ ደካማውን ምልክት ስለሚያዳክም ማጉያው ከፒዞው አጠገብ ይቀመጥ።

ከዚያ የፒዞው ቱቦ ሁለት ጫፎች በክዳን ይዘጋሉ፤ ውስጡ አየር እንደያዘ ይቆያል። ውጪው ግን በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲዋሃዱ በሚጠነክር ሙጫ) ሲሸፈን አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ድምፁን ወደ ኋላ ስለምትመልስ፣ ኢፖክሲውን በቀስታ ያዋህዱ፤ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲያፈስሱም ከአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ ቀጭን ክር እያወረዱ ይሁን። እዚህ ላይ መቸኮል የሙሉ ቀን ሥራ ያበላሻል።

130 ኪሎኸርዝን ለመቅዳት ከእጥፉ በላይ፣ ማለትም በሰከንድ ከ260,000 በላይ ናሙና (የድምፁ ልኬት) ያስፈልጋል። ኦዲዮሞዝ የተባለው አነስተኛ መቅጃ እስከ 384,000 ይደርሳል፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት 2.8 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ ባለ32 ጊጋባይት ካርድ በ11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሞላል።

ባሕር ከመግባትዎ በፊት መሣሪያውን በባልዲ ውኃ ውስጥ ይንከሩና እዚያው ውኃ ውስጥ በአጠገቡ የቁልፍ ዘለላ ያንቃጭሉ። ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም በስፔክትሮግራም (የድምፁን ፍሪኩዌንሲ በጊዜ በሚያሳይ ሥዕል) ሲከፍቱ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ቀጥ ያሉ ብሩህ መስመሮች ካልታዩ፣ ብየዳውንና የባትሪዎቹን አቅጣጫ ደግመው ይፈትሹ።