የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ «ኢንቫሊድ» እያለ ሲያስቸግረን ያገኘነው መፍትሔ

ደሴ በሚገኘው ላቦራቶሪያችን ለማኅፀን በር ካንሰር ልየታ የኤችፒቪ (ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ) ዲኤንኤ በጂን ኤክስፐርት ማሽን ስንመረምር፣ ከኮምቦልቻ የሚላኩ ናሙናዎች በተደጋጋሚ «ኢንቫሊድ» (ውጤቱ ዋጋ የለውም) ይሉ ነበር። ማሽኑ ዲኤንኤውን ከማውጣት እስከ ማባዛት ያለውን ሥራ ካርትሪጁ (ናሙናው የሚጨመርበት መመርመሪያ ዕቃ) ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ራሱ ስለሚጨርስ፣ ጥርጣሬው ሁሉ ካርትሪጁ ላይ አረፈ። የውጤቱን ዝርዝር ስንከፍት ግን የወደቀው፣ ናሙናው በቂ የሰው ሕዋስ እንዳለው የሚያረጋግጠው መቆጣጠሪያ ብቻ ነበር። ቆሞ ያደረው የናሙና ብልቃጥ ሲታይ ሕዋሳቱ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ከታች ተኝተዋል፤ ፒፔቱ (ፈሳሽ መቅጃው) የሚቀዳው ከላይ የጠለለውን ፈሳሽ ነው። አሁን ብልቃጡን ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ እየገለበጥን ካዋሐድን በኋላ ሳንዘገይ 1 ሚሊ ሊትር እንቀዳለን። እነዚያው ናሙናዎች በአዲስ ካርትሪጅ ሲደገሙ ውጤት ሰጡ፤ እናቶችም ለዳግም ናሙና ከመንገላታት ዳኑ፤ ይህም እጅግ አስደስቶኛል።