ሌላ ሐሳብ ልባችሁን ሲሰርቀው

ሥራ ከጀመራችሁ ገና ዓመት ያልሞላችሁ ወጣቶች፣ ይቺን ስሙኝማ። አዲስ የቢዝነስ ሐሳብ መቼ እንደሚመጣ ልብ ብላችኋል? ብዙ ጊዜ የያዝነው ሥራ አሰልቺው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ሦስት ደንበኞች ክፍያ አዘግይተዋል፣ የሳምንቱ ሒሳብ አልተመዘገበም፤ እኛ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ ብለን ለአዲሱ ሐሳብ ስምና ሎጎ እንመርጣለን። (እኔማ ለአንዱ የፌስቡክ ገጽ ሁሉ ከፍቼለት ነበር። ምርቱ እስካሁን የለም።)

እኔን የረዳኝ አንድ ደብተር ነው። ሐሳቡን ከነቀኑ እጽፈዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ ለ30 ቀን አልነካውም። አብዛኛውን ተመልሼ ሳየው ያሳፍረኛል። ከወር በኋላም ደስ የሚለኝ ካለ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የአሁኑ ሥራ እኔ ሳልኖር ሁለት ሳምንት ይሄዳል? የማይሄድ ከሆነ ሐሳቡ ደብተሩ ውስጥ ይቆያል።

"ትልልቆቹ ሁሉን ነገር ይሸጡ የለ እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ይሸጣሉ። ግን የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት የሚሸጠው መጽሐፍ ነበር። ሙዚቃ የጨመረው በ1998 ነው። እስከዚያ ትዕዛዝ መቀበሉን፣ ማሸጉን፣ ማድረሱን በመጽሐፍ ተለማመደ።

ታዲያ ገበያ የሌለው ሥራ ላይ ሙጭጭ በሉ እያልኩ አይደለም። ወራት ለፍታችሁ፣ ዋጋም ቀይራችሁ ሞክራችሁ ደንበኛ ካልመጣ፣ ዝጉትና ደብተሩን ግለጡ።