ከለገሐር እስከ ፒያሳ፦ አማተር ፎቶ አንሺዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሀል አዲስ አበባ ላይ የተነሳ ፎቶ ሲበላሽ ጥፋቱ ቶሎ የሚለጠፈው ካሜራው ላይ ነው። ሌንሱ ደካማ ነው፣ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ሞዴሉ አርጅቷል ይባላል። አብዛኛው ብልሽት ግን የሚመጣው ብርሃኑን ሳያዩ ከማንሳት ነው፦ ፀሐይ የት እንዳለች፣ የሚነሳው ሰው ምን እንደለበሰ፣ ከላይ የሚበራው አምፖል ምን ዓይነት እንደሆነ። አዲስ ሌንስ ለመግዛት ብር ከማጠራቀም በፊት እነዚህን ማረም ይቀድማል።

በቀትር ሰውን ፀሐይ ላይ ማቆም

ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ያለች ናት። በሚያዝያ መጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ፀሐይዋ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ዝቅ ብላ በምትሄድበት በታኅሣሥ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የዓይን ጉድጓድን ያጠቁራል፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ስለት ያለው ጥላ ይጥላል፣ ግንባርን ያብለጨልጫል። ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነና አየሩም ስስ ስለሆነ ጥላው ቆላ ላይ ከሚታየው የባሰ ይከብዳል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ሰውየውን ወደ ጥላ አስገቡት። የፎቅ በረንዳ ሥር፣ የሱቅ ደጅ፣ የሰፊ ዛፍ ጥላ ይበቃል። ከጥላው ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይቁምና ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዙር። ብዙዎች እዚህ ድረስ በትክክል ይሄዱና ከኋላ ፀሐይ የመታውን አስፋልት በፍሬሙ ያስገባሉ፤ አስፋልቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ጀርባውም ጥላ ይሁን። የጥላ ብርሃን ከሰማዩ ስለሚመጣ ፊትን ሰማያዊ ያስመስለዋል፤ ኋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) «ጥላ» የሚለው ላይ ወይም ከ7,000 እስከ 7,500 ኬልቪን ላይ አድርጉት።

ማታ ደግሞ ዘግይቶ መድረስ አለ። እዚህ ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን 6 ዲግሪዎች በ25 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳቸዋለች። በኅዳር መጀመሪያ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ሲሆን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ 12፡45 ገደማ ነው። ለኅዳር ምሽት ቦታው ላይ 11 ሰዓት መድረስ ያስፈልጋል።

ሕንፃው ወዴት እንደሚያይ አለመጠየቅ

ቸርችል ጎዳና ከለገሐር ተነስቶ ሽቅብ ወደ ሰሜን ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት የሚበራው የመንገዱ ምዕራባዊ ጎን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ምሥራቃዊው። ማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ደቡብ ስለሚያይ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ፊቱን ትመታለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ግን የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ፊቱ ይጨልማል። የድሮው የባቡር ጣቢያ ፊቱ ወደ ጎዳናው ነውና ተቃራኒው ይደርስበታል፤ በበጋ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ነው።

ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሌላ ችግር አላቸው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ቆመው ካሜራውን ወደ ላይ ሲያንጋጥጡት ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። መስመሮቹ ቀጥ እንዲሉ ካሜራው ሳይንጋጠጥ በቁሙ መያዝ አለበት። ይህን በተለመደው 18-55 ሌንስ 18 ሚሜ ላይ፣ ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ባለው ካሜራ ለማድረግ ከ320 እስከ 340 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። የፎቶው የታችኛው ግማሽ በመንገድና በመኪና ይሞላል፤ እሱ በኋላ ይቆረጣል። ያን ያህል መራቅ ካልተቻለ በትንሹ አንጋጣችሁ በሶፍትዌር አስተካክሉ፤ ማስተካከያው ጎንና ጎኑን ስለሚበላ ሲያነሱ ዳር ዳሩን ሰፋ አድርጎ መተው ግድ ነው።

ነጠላ ሲያነሱ የካሜራውን መለኪያ ማመን

ከሁሉም ይልቅ የአገራችንን ፎቶ የሚያበላሸው ይህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል። ቅዳሴ ሲያልቅ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊት ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል።

ጥላ ውስጥ ወይም ደመና ባለበት ቀን መፍትሔው ቀላል ነው፦ ነጭ ፍሬሙን ከሞላው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ከ+1 እስከ +1.7 ከፍ ማድረግ። ፀሐይ ላይ ግን ይህ አይበቃም። ንጹሕ ነጭ ጥጥና ጠይም ወይም ጥቁር ፊት አንድ ዓይነት ብርሃን እያገኙ እንኳ በመካከላቸው እስከ 3 ስቶፕ ልዩነት ይኖራል (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)፤ ነጠላው ስምንት እጥፍ ያህል ያበራል ማለት ነው። ነጠላው ከራስ ላይ ተከናንቦ ፊቱን ካጠለለው ልዩነቱ ሌላ ሁለት ስቶፕ ይጨምራል። ለፊቱ ሲሉ ብርሃን ከጨመሩ የሽመናው ክር ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

በዚህ ጊዜ በጄፔግ ሳይሆን በራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። መለኪያውን ስፖት (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርጋችሁ በጣም የሚያበራውን የነጠላ ክፍል ለኩ፣ ከዚያ ከሚነግራችሁ ላይ 2 ስቶፕ ጨምሩ። ክሩ ይተርፋል፣ ነጩም ነጭ ይሆናል። አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ወይም 200 ላይ ከሆናችሁ የጠቆረውን ፊት በኋላ ማንሳት አይከብድም፤ 3200 ላይ ከሆናችሁ ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ይበዛል። የተቃጠለ ቦታ ሲኖር ብልጭ ድርግም የሚለውን ማስጠንቀቂያ ከሜኑ ውስጥ ክፈቱት። ሂስቶግራሙንም (የብርሃን ስርጭት ግራፉን) በሦስቱ ቀለማት ለይቶ በሚያሳየው በኩል እዩ፤ ቀይ ጥለት ካለ ቀዩ ብቻውን ቀድሞ ይቃጠላልና።

ፍላሽ ያለው የፍላሹን ኃይል ከ-1 እስከ -1.7 አድርጎ ፊቱን መሙላት ይችላል። እዚህ ላይ የሚረሳው የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ከፍላሽ ጋር ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ አለመፍጠኑ ነው። በፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ 1/200 ማለት ኤፍ 11 ገደማ ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ኤፍ 1.8 ከፍተው ጀርባውን ላደብዝዝ ቢሉ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ከፍላሹ ይልቅ አጠገብ የቆመ ሌላ ሰው ነጠላውን ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊት ቢመልሰው እጅግ ለስላሳ ይሆናል።

የጧፍ ብርሃን የዚህ ግልባጭ ነው። ፍሬሙ ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ያበዛል፤ ከ-1 እስከ -2 ቀንሱ።

ዘገምተኛ ሹተር፣ የጠበበ አፐርቸር (የሌንስ ቀዳዳ)

ካሜራው በእጅ ሲያዝ የሹተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ሚሜ ቁጥር ማነስ የለበትም። 50 ሚሜ ሌንስ ክሮፕ ካሜራ ላይ እንደ 75 ወይም 80 ሚሜ ስለሚሠራ 1/80 ዝቅተኛው ነው። ይህ ለእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ለሚራመድ ሰው 1/250፣ ለሚሮጥ ሚኒባስ 1/500 ያስፈልጋል። የሌንስ ማረጋጊያው የሚያቆመው እጃችሁን እንጂ ሚኒባሱን አይደለም።

«ሁሉም ጥርት ይበል» ብሎ ኤፍ 22 መጠቀምም አይበጅም። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ይበተንና ፎቶው ይለሰልሳል። ለጎዳናና ለሕንፃ ኤፍ 8 ይበቃል።

በአምፖል ሥር የሚመጣ መስመር

መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። በፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ በ1/500 አከታትላችሁ ብታነሱ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማና ቢጫ ይሆናል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ከተጠቀማችሁ ደግሞ ጥቁር መስመሮች ፎቶውን ያቋርጡታል። ወደ ሜካኒካል ሹተር ተመለሱና 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ። የመስቀል አደባባይ ትልልቅ ስክሪኖች የራሳቸው ፍጥነት ስላላቸው 1/60 ወይም ከዚያ የዘገየ ይሞከር።

ለከተማው የማታ ገጽታ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ አንሱ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ያለው ጊዜ ነው። በትራይፖድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ ማረጋጊያው ተዘግቶ። የእግረኛ ድልድይ ላይ ትራይፖድ አትትከሉ፤ የሚያልፈው ሰው እርምጃ ያንቀጠቅጠዋል። ርካሽ የዩቪ ፊልተር ካለም ይውለቅ፤ የመንገድ መብራቶችን ግልባጭ ሰማዩ ላይ ይጥላል።

የደመራ እሳት ሲነሳ ካሜራው በአውቶ ከሆነ ነበልባሉ በተነሳና በወረደ ቁጥር ብርሃኑን ይቀያይራል። ማንዋል ላይ 1/250፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800 መነሻ ይሁን። ጭሱ አውቶ ፎከሱን ስለሚያደናግረው ቀድማችሁ እንጨቱ ላይ ፎከስ አድርጉና ቆልፉት።

ያገለገለ ዕቃ ሳይፈትሹ መግዛት

ሌንሱ ካሜራው ላይ መግጠሙ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። የኒኮን 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ዲ ሌንስ በውስጡ ሞተር የለውም፤ እንደ ዲ3200 ወይም ዲ5300 ባሉ ካሜራዎች ላይ ይገጥማል እንጂ በራሱ ፎከስ አያደርግም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት ነው። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ደግሞ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያላቸው) በሆኑት 6ዲና 5ዲ ላይ ጭራሽ አይገባም።

ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ አይጎዳም፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ካለ ግን ሻጋታ ነውና ተዉት። ሴንሰሩን ለማየት ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ፤ ጥቋቁር ነጥቦች ከታዩ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ክዳኑን ዘግታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ስታነሱ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥቦች ከታዩ ግን የሴንሰሩ ችግር ነው። የሹተሩን ቁጥርም፣ ማለትም ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳ ጠይቁ፤ ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ካሜራዎች ለ100,000 ፎቶ ገደማ የተሠሩ ናቸው። ሚሞሪ ካርዱ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል እስኪሞላ ጭናችሁ ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ሐሰተኛው ከመጠኑ ያለፈውን ይበላዋል።

ሳይጠይቁ ማንሳት

የመንገድ ዳር ሻጭ እናት ፊት ላይ ሌንስ ከመደቀን «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ይቀድማል። እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ ነው። ቤተ መንግሥት አካባቢና ጥበቃ ባለበት ሁሉ ካሜራውን ከማውጣት በፊት ጠባቂውን መጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ፍላሹን መዝጋት ግድ ነው።

በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ

የግንባታ አቧራ ውስጡ አሸዋ አለበት፤ በጨርቅ ሲታሽ ሌንሱን ይጭራል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በማይክሮፋይበር ጨርቅ። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስቀራል። ሌንስ ሲቀየር የካሜራው አፍ ወደ ታች ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዕቃውን በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ አትተዉ፤ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል። ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፤ ጄሉ ቀለሙ ሲቀየር ይድረቅና ይመለስ።