የማይክሮኮንትሮለር ፍላሽ ሜሞሪ በስህተት እንዳይጻፍበት እንዴት እንደሚቆለፍ

ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ፕሮግራማችን ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሴቲንጉንም እዚያው እንጽፋለን። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል፦ ሴቲንግ የሚጽፈው ኮድ አድራሻ ከሳተ ፕሮግራሙን ራሱን ያጠፋል። የማሳያችሁ ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ የተሰራ ትንሽ ኮምፒውተር) ነው። 64 ኪሎባይት ፍላሽ አለው፤ እሱም 1 ኪሎባይት በሆኑ 64 ገጾች ተከፍሏል።

ከሁሉ በፊት በፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ አንብባችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ቦታ አከፋፍሉ። እኔ ከገጽ 0 እስከ 7 ለቡትሎደር (ቺፑ ሲነሳ መጀመሪያ ሰርቶ ዋናውን ፕሮግራም ለሚያስነሳው ትንሽ ኮድ)፣ የመጨረሻውን ገጽ 63 ደግሞ ለሴቲንግ እሰጣለሁ። ይህን በሊንከር ስክሪፕቱ (ኮዱ ፍላሹ ላይ የት እንደሚቀመጥ በሚወስነው ፋይል) ላይም አስገቡት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ እያደገ ሲሄድ ገጽ 63 ላይ ይደርሳል።

ቺፑ ሲነሳ ፍላሹ ለመጻፍ ዝግ ነው። የሚከፈተው ሁለት ቁልፍ ቁጥሮች በተራቸው ሲጻፉ ነው። ልትጽፉ ስትሉ ክፈቱት፣ እንደጨረሳችሁ ወዲያው ዝጉት። ገና ፕሮግራሙ ሲጀምር ከፍተው እንደዚያው የሚተዉ ምሳሌዎች በብዛት አሉ፤ እባካችሁ አትቅዷቸው። ማጥፋትና መጻፍ በአንድ ፈንክሽን ብቻ ይለፍ፤ እሱም አድራሻው ገጽ 63 ውስጥ ካልሆነ እምቢ ይበል።

ይህ ግን የኮድ ጥበቃ ነው፤ ኮዱ ራሱ ሲሳሳት አያድንም። እውነተኛው ቁልፍ ኦፕሽን ባይት ውስጥ ነው፤ ይህ የቺፑ የራሱ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ልዩ ቦታ ነው። እዚያ አንድ ቢት 4 ገጾችን ይጠብቃል። 0 ማለት ተቆልፏል፣ 1 ማለት ክፍት ነው። ስለዚህ ለ8ቱ የቡትሎደር ገጾች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቢቶች 0 ማድረግ ይበቃል። ለውጡ የሚሰራው ከሪሴት በኋላ ነው።

እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ። ኦፕሽን ባይት ለመቀየር መጀመሪያ ኦፕሽን ባይቶቹ ሁሉም በአንድ ላይ ይጠፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ የንባብ ጥበቃ ነው። ይህ ባይት 165 (በሄክሳዴሲማል ኤ5) ካልሆነ ቺፑ ከሪሴት በኋላ ለንባብ ዝግ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር የገጾቹን ቁልፍ ብቻ ጽፌ ይህን ሳልመልስ ሪሴት አደረግኩ። ፕሮግራመሩ (ቺፑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መጫኛ መሣሪያ) ማንበብ አቃተው። ጥበቃውን ሳነሳ ደግሞ ቺፑ ፍላሹን በሙሉ አጠፋው፤ ጥበቃው ሲነሳ እንዲህ እንዲያደርግ ነው የተሰራው። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ለክቼ ያስገባሁት የካሊብሬሽን ቁጥር ሁሉ ገጽ 63 ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ስለዚህ ካጠፋችሁ በኋላ፣ ገና ሪሴት ሳታደርጉ፣ 165ን መልሳችሁ ጻፉ። ለጀማሪ ግን ይህን በኮድ ከመሞከር ኪዩብ ፕሮግራመር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መስራት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሁሉንም ባይት ዋጋ አስቀድማችሁ ታዩታላችሁ።

ኤሌክትሪክ ሲወርድም እየተጻፈ ያለው ገጽ ይበላሻል። ቺፑ ውስጥ ያለውን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አብሩ። ወሰኑ ከ2.2 እስከ 2.9 ቮልት ድረስ ይመረጣል፤ እኔ ከፍተኛውን እመርጣለሁ። ቮልቴጁ ከዚያ በታች ከሆነ መጻፍ አይጀመር።

በመጨረሻ ትርፍ ቦርድ ላይ ገጽ 0ን ሆን ብላችሁ ለማጥፋት ሞክሩ። ቁልፉ በትክክል ከገባ የጽሑፍ ጥበቃ ስህተት ቢት 1 ይሆናል፣ ቡትሎደሩም እንዳለ ይቆያል።