በአንድ መግቢያ ብዙ የሥራ ሲስተሞችን እንዴት በጥንቃቄ መጠቀም ይቻላል

በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛዋ ኪቦርዷን አነሣ ስታደርግ፣ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰባት የይለፍ ቃሎች የተጻፉበት ወረቀት አየሁ። የኢሜይል፣ የደመወዝ፣ የንብረት፣ የፈቃድ መጠየቂያ… አልፈረድኩባትም። ሰባት የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ቀይሪ የተባለች ሴት ሌላ ምን ታድርግ? የሚያስፈልጋት አንድ መግቢያ ነው።

በዚህ አሠራር ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን የሚያስገባው ማንነቱን በሚያረጋግጥ አንድ ሲስተም («አረጋጋጩ») ላይ ብቻ ነው። የደመወዙ ሲስተም የይለፍ ቃሉን አያየውም፤ የሚደርሰው «ይህ ሰው እገሌ ነው» የሚል፣ በዲጂታል ፊርማ የታተመ ማስረጃ ነው።

በቅድሚያ ሲስተሞቹን በሙሉ ይመዝግቡና ሳምል 2.0 (SAML) ወይም ኦፕንአይዲ ኮኔክት (OpenID Connect) የተባሉትን የማስረጃ መለዋወጫ ደንቦች የሚቀበሉትን ይለዩ። ኢሜይልዎ በጉግል ወርክስፔስ ወይም በማይክሮሶፍት 365 ከሆነ አረጋጋጩ በእጅዎ አለ። በራስዎ ሰርቨር ማስተዳደር ከፈለጉ ኪይክሎክ (Keycloak) የተባለው የአረጋጋጭ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ሁልጊዜ የሚከታተለው ባለሙያ ግን ይፈልጋል።

አንድም ሲስተም ከማገናኘትዎ በፊት ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቅ ሁለተኛ ማረጋገጫን ግዴታ ያድርጉ። እዚህ ላይ አልደራደርም፤ የሁሉ በር ቁልፍ አንድ ሲሆን የተሰረቀ ዕለት የሚተርፍ ክፍል የለም። በስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው ባለ 6 አሃዝ ኮድ በጣም ይረዳል፤ ነገር ግን የተታለለ ሠራተኛ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ፓስኪ (በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ፣ በጣት አሻራ ወይም በፒን የሚከፈት የመግቢያ ቁልፍ) ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ከተመዘገበበት ድረ ገጽ ውጪ ስለማይሠራ በዚህ አይታለልም። ቢያንስ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱና ሲስተሙን ለሚያስተዳድሩ ሠራተኞች ይህን ይስጡ።

ከዚያ አንዱን ሲስተም ብቻ ያገናኙና በሁለት ሦስት ሠራተኞች ይሞክሩት። አልገባም ካለ የሰርቨሮቹን ሰዓት ይመልከቱ። ማስረጃው የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር አይቀበለውም።

ሥራው ሲሳካ ብዙዎች አሮጌውን በር ሳይዘጉ ይተዋሉ። በየሲስተሙ ያለው የቀድሞ የይለፍ ቃል ካልተሰረዘ የለቀቀ ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ ሊገባበት ይችላል። ሠራተኛ ሲለቅ መለያውን በዚያው ቀን አረጋጋጩ ላይ ይዝጉ፤ ቀደም ሲል ገብቶ የነበረባቸው ሲስተሞች ወዲያው ላይዘጉ ስለሚችሉ ከየአንዳንዳቸው ያስወጡት።

በመጨረሻ፣ አረጋጋጩ ራሱ የተበላሸ ቀን የሚገቡባቸው ሁለት የአስተዳዳሪ መለያዎች ያዘጋጁ። ረጃጅም የይለፍ ቃሎቻቸውን በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ፤ በየጊዜውም እያወጡ መሥራታቸውን ይሞክሩ።